«በምኑ?» ብለሽ ጠይቂያት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰሞኑን አነጻጻሪ ዘይቤና (አንዱ ነገር ሌላውን ይመስላል ማለት) ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱ ነገር ራሱ ሌላው ነው ማለት) ላይ ደርሰናል። ልጆቹ ትርጉሙን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ምሳሌ ስጡ ስላቸው ግን 48ቱም «እንደ አንበሳ ጀግና ነው» ይላሉ። ከምንባብ ውስጥ አውጡ ስላቸው ደግሞ «እንደ» ያለበትን ሁሉ ያሰምሩበታል። ተለዋጭ ዘይቤ ጋ ስንደርስ ጭራሽ ተደነጋገረብን። «ሆዱ ባሕር ነው» የሚለውን በሥዕል አሳዩ ብዬ የቤት ሥራ ብሰጥ፣ አንዱ ሆዱ ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት ሰውዬ ሥሎ መጣ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን የአንዲት ልጅ ነገር ነው። «እማዬ ማታ ከሥራ ስትመጣ እንደ ስልክ ባትሪዋ ያልቅና ቀይ ትሆናለች» ብላ ጻፈች። እኔም «ይሄ ዘይቤ አይደለም» ብዬ ኤክስ አደረግኩባት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አታወጣም። አጥፍቻለሁ እንዴ? ምን ላድርግ?

የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

«ጋሼ» ስላልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። የልጅቷን ነገር አስቀድማለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመዘዘው።

አዎ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል። ግን የሚታረም ስህተት ነው። እስቲ ዓረፍተ ነገሯን ደግመሽ አንብቢው። ልጅቷ እናቷን አይታለች። ስልክም አይታለች። እነዚህ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ማታ ማታ የሚገናኙበትን አንድ ነጥብ ራሷ ፈልጋ አግኝታለች። ባትሪ ሊያልቅ ሲል ቀይ ያሳያል። የእናቷስ ምኗ ነው ቀይ የሚሆነው? ዓይኗ? ፊቷ? ወይስ መቆጣቷን ነው? ይህን የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ማንም ግን አልጠየቃትም። ከ48ቱ ልጆች መካከል ትምህርቱ በትክክል የገባው ለእሷ ነው ብዬ አምናለሁ። የሌሎቹ አንበሳ ከሰው የተዋሱት ነው። ባትሪው ግን የራሷ ነው።

ስለዚህ አንድ ቃል ልስጥሽ፤ «በምኑ?» የሚል። ልጅ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ባመሳሰለ ቁጥር በለሆሳስ «በምኑ?» በይው። «ወንድሜ እንደ ፌንጣ ነው።» በምኑ? «አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ሲዘል ነው የሚውለው።» ጎሽ! «ወንድሜ እንደ አንበሳ ነው።» በምኑ? «ጀግና ስለሆነ።» ምን ሲያደርግ አየኸው? ዝም ይላል። ዝም ሲል አትቆጪው፣ አትሳቂበትም። የራሱን ሌላ ነገር እስኪያመጣ ጠብቂው። እኔ በዚህ አንድ ጥያቄ ብዙ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ከፍቶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ «እንደ» ልምጣ። ልጆቹ «እንደ» ያለበትን ሁሉ ማስመራቸው የእነሱ ጥፋት አይደለም። «እንደ ካለ አነጻጻሪ ነው» ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ደንቡ አጭር ስለሆነ ለመምህርም ለተማሪም ይመቻል። አማርኛችን ውስጥ ግን አያዋጣም። አማርኛ «እንደ»ን የማይልከው ቦታ የለም። «እንደመጣ ደወለልኝ» ሲባል የሚነግረን ጊዜን ነው፤ ወዲያው ለማለት ነው። «እንደሚመጣ ነግሮኛል» ሲባል ወሬ ማቀበል ነው። «እንደ ልማዱ አረፈደ» አለ። «እንደ መምህርነቴ» አለ። «እንደ እኔ እንደ እኔ» አለ። አንዳቸውም ዘይቤ አይደሉም።

ከዚያ የሚብስ ሌላ ወጥመድ አለ። «እንደ» ኖሮ፣ ማወዳደሩም ኖሮ፣ ዘይቤ ግን የማይሆንበት። «ልጁ እንደ ታላቅ ወንድሙ ረጅም ነው» ሲባል ሜትር ይዞ ማረጋገጥ ይቻላል። ሰውን ከሰው መለካት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። «ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰውና ባሕር ዛፍ አይዛመዱም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያገናኛቸው፤ ሳይታሰብ ሽቅብ መመዘዝ። ዘይቤ የሚባለው እንዲህ ባዳ የሆኑ ነገሮች ለአንድ አፍታ ሲዛመዱ ነው።

«እንደ» ሳይኖር አነጻጻሪ የሚሆንም ሞልቷል። «ወተት የመሰለ ጥርስ።» «ተራራ የሚያህል ልብስ አጠበች።» «ቤቱ የተቃጠለበት ይመስል ሮጠ።» እነዚህን ልጆቹ በየቀኑ ይሰማሉ። «እንደ»ን ብቻ ሲያድኑ ግን እነዚህ በአጠገባቸው ያልፋሉ።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ቀላቅለሽ ጻፊና ልጆቹ እያንዳንዱን «በምኑ?» ብለው ይጠይቁት። «እንደመጣ ደወለልኝ።» በምኑ? ጥያቄው ራሱ አይገባም፤ ልጆቹም ይስቃሉ። ይሰረዝ። «እንደ ወንድሙ ረጅም ነው።» በምኑ? በቁመቱ። እሺ፣ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ? አንድ ዓይነት። ይሰረዝ። «ተራራ የሚያህል ልብስ።» በምኑ? በብዛቱ። አንድ ዓይነት ናቸው? አይደሉም። ይህቺ ትሰመር። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ የ4ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይይዘዋል።

ማስተማሩን ግን በዚህ አትጀምሪ። በከለር ጀምሪ። ልጆቹ የሥዕል ከለራቸውን ያውጡ። ቡናማ የቱ ነው? ያነሳሉ። ለምን ቡናማ ተባለ? እዚህ ላይ ታገሻቸው። አንዱ «ቲቸር፣ ቡና ስለሚመስል!» ማለቱ አይቀርም። ብርቱካናማስ? ሰማያዊስ? አመድማስ? ወይን ጠጅስ? ቋንቋችን ለቀለም ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ያደረገው ይህን ነው። ከቡና፣ ከሰማይ፣ ከአመድ ተበድሯል። ልጆቹ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሲያነጻጽሩ እንደኖሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር አትርሺው። «ከባድ ትምህርት ነው» የሚለው ፍርሃት ያኔ ይወድቃል።

በሁለተኛው ቀን ጀበና ይዘሽ ግቢ።

የምሬን ነው። እኔ ሳስተምር የቤቴን ጀበና በጋዜጣ ጠቅልዬ እወስድ ነበር። ጥቁር ናት፤ አፏ ላይ ትንሽ ተሸርፋለች። ጠረጴዛው ላይ ከማቶቷ ጋር አስቀምጣትና «ክፍሎቿን ንገሩኝ» እላለሁ። «ሆድ!» ይላሉ። «አንገት!» «አፍ!» «ጆሮ!» እኔ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እደረድራለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ «ቲቸር፣ ጀበናዋ ሴትዮ ናት» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «በምኗ?» አልኩት። ተነሥቶ ቆመ። «አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች» አለ። ዞር ብዬ ሳያት እውነቱን ነው። ጆሮ ያልነው ለካ እጅም ነው። ክርኗን ወደ ውጭ አጥፋ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጎረቤት እንደምታናግር ሴት ቆማለች። ሳቁ ቆመ። ከዚያ አንዲት ልጅ ጨመረችበት፦ «ስትናደድም ትገነፍላለች።»

ያን ቀን ተለዋጭ ዘይቤን አስተምሬ ጨረስኩ። ያስተማሩት እነሱ ናቸው። «ጀበናዋ ሴትዮ ናት» የሚለው ውስጥ «እንደ» የለም፣ «መሰለ» የለም። ናት አለ፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየጠቆሙ ያመጡት ጀመር። የወንበር እግር፣ የጠርሙስ አንገት፣ የስኒ ጆሮ፣ የመጋዝ ጥርስ። ወንበር እግር እንደሌለው፣ መጋዝም እንደማይበላ ረስተነው ነበር።

ከአነጻጻሪ ወደ ተለዋጭ ስታሻግሪያቸው አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «እንደን አውጡና ተለዋጭ ይሆናል» ብለሽ ብቻ አትለፊ። «ጥርሷ እንደ በረዶ ነጭ ነው» ሲባል «በምኑ?» የሚለው መልሱ አብሮ ተቀምጧል፤ ነጭ ተብሏል። «ጥርሷ በረዶ ነው» ሲባል ግን መልሱ ተደብቋል። በንጣቱ ነው? በቅዝቃዜው ነው? ፈልጎ የሚያገኘው ሰሚው ነው። «ልጁ እሳት ነው» ስንል ጎበዝ ማለታችን እንደሆነ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ያውቃል፤ አዲስ የመጣ ልጅ ግን ቁጡ ሊመስለው ይችላል። ልጆቹ የሚደነጋገሩት እዚህ ነው። ስንፍና አይደለም። መልሱን ከደበቅንባቸው በኋላ ፍለጋውን ማስተማር የእኛ ሥራ ነው።

ዓሣ የሣለውን ልጅም በዚሁ ዓይን እዪው። እሱ የመንገዱን ግማሽ ሄዷል። ሥዕሉን አትጣይበት። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። ባሕር ውስጥ ድንጋይ ብትጥል ምን ይሆናል? ይሰምጣል። ከላይ ሆነህ ታየዋለህ? አላየውም። እኚህ ሰውዬስ ምስጢር ብትነግራቸው? ... ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ ዓሣውን ያጥፋና በቦታው ሰዎች የነገሯቸውን ምስጢሮች በየታሸገ ፖስታ ይሣል። ሥዕሉ ያው ሥዕል ነው፤ ባሕሩም ያው ባሕር ነው። አሁን ግን ገብቶታል።

በዚህ ዕድሜ ዓይን የሚያየው፣ ጆሮ የሚሰማው፣ እጅ የሚነካው መመሳሰል ይቀድማል። የጠባይ መመሳሰል ይዘገያል። ስለዚህ «ልቡ ድንጋይ ነው»ን ለኋላ አቆዪው። «ፀጉሯ ሐር ነው»፣ «ጨረቃዋ እንጎቻ ናት» የመሳሰሉት ይቅደሙ። «ሆዱ ባሕር ነው» ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል፤ ይህን የምልሽ መጽሐፉ ውስጥ ቢኖርም ነው።

እኔም እንዳንቺ ኤክስ ያደረግኩበት ልጅ አለ። ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ስለ ዝናብ ጻፉ ብዬ ነበር። «ዝናቡ ቆርቆሯችን ላይ ሽምብራ ይቆላል» ብሎ ጻፈ። እኔ «ዝናብ አይቆላም» ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። ማታ ቤቴ ገባሁ። ዝናቡ መጣ። የእኔም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ጣ ጣ፣ ከዚያ ምጣድ ሙሉ ሽምብራ እንዳለ ይንጣጣ ጀመር። አልጋዬ ላይ ተኝቼ አዳመጥኩት። ልጁ ጆሮውን ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ በቀይ ሰረዝኩት። በነጋታው ይቅርታ ጠየቅኩት። እስከዛሬ ዝናብ ሲመጣ የምሰማው በእሱ ጆሮ ነው።

አንበሳውን ግን ከነጭራሹ አትጣይው። የአዲስ አበባ ልጅ አንበሳ በዱር ባያይም በየቀኑ አንበሳ ይሳፈራል። አውቶቡሱ ለምን አንበሳ ተባለ? በምኑ? እስቲ ጠይቂያቸው። ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስስ በምኑ ነው ዶልፊን የሆነው? ይህን ወላጆችም መመለስ ይወዳሉ፤ የቤት ሥራ አድርጊው።

ወላጅ የሚችል ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ልጁን ይዞ ሁለቱን አንበሶች ያሳየው። ለገሀር ያለው በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመ ነው። ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ነው። ከዚያ ትንሽ እንደሄዱ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለንግሣቸው 25ኛ ዓመት የተሠራ ነው። ልጁ ሁለቱን ያስተያይ። የለገሀሩ ዘውድ ደፍቷል። አንበሳ ዘውድ ይደፋል? አይደፋም። ታዲያ ሐውልቱ ስለ ማን ነው? ከዚህ የተሻለ የተለዋጭ ዘይቤ ምሳሌ ከየት ይመጣል! የከተማዋ ስም ራሱ አለልሽ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አካባቢ ያለውን ቦታ ወደው ስም ሲያወጡለት «እንደ አበባ ያለች» አላሉም። አዲስ አበባ አሉ።

የድሮዎቹን አባባሎች ስታመጪ ግን ነገሩን አብረሽ አምጪው። «እንደ እንዝርት ትሾራለች» የምትለውን ልጅ እንዝርት አይተሽ ታውቂያለሽ ብትያት አታውቅም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ፈትል የሚፈትሉ እናቶች አሉ፤ አንድ እንዝርት መዋስ ከባድ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አንዴ ስታሾሪው ያልገባው ልጅ አይኖርም። «እንደ አሸን ፈላ»ም እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት የሚግተለተለውን ያላየ ልጅ ቃሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ክፍልሽ ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ መኖሩ አይቀርም። አያቱ በዚያ ቋንቋ ምን ከምን ጋር እንደሚያመሳስሉ ጠይቆ ይምጣና በአማርኛ ይንገራችሁ። እነዚያ ልጆች ያን ቀን ሀብታም ናቸው።

ሳምንቱ ሲያልቅ እንቆቅልሽ አጫውቻቸው። እንቆቅልሽ አንዱ ወገን የተደበቀ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። «እንቆቅልሽ።» «ምን አውቅልሽ።» «በነጭ መሬት ላይ ጥቁር ዘር።» ጽሑፍ። ካላወቀች አገር ትስጥ። የቆዩትን ከተጫወቱ በኋላ የራሳቸውን ይፍጠሩ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ «በየፌርማታው ሰው ትውጣለች፣ በየፌርማታው ትተፋለች፣ አትጠግብም» ብሎ ጠየቀኝ። አላወቅኩለትም። ጎንደርን ሰጠሁት። መልሱ አውቶቡስ ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ልጆች ማነጻጸር ሲቀምሱ እርስ በርስ ይጀምራሉ። «እንደ ዝሆን»፣ «እንደ ከሰል»፣ «እንደ አህያ»። አንዴ ከወጣ ቅጽል ስም ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይከተላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሪ፤ የክፍል ጓደኛ አይነጻጸርም። ዕቃ፣ አየር፣ መንገድ፣ እንስሳ፣ ምግብ፣ የራስ ቤተሰብ ይበቃል። በዚህ ላይ አትለሳለሺ።

ፈተናው ትርጉም ስለሚጠይቅ ትርጉሙን አትዝለዪ። በመጨረሻው ቀን አምጪው። አነጻጻሪ ወይም ተነጻጻሪ፣ መጽሐፋችሁ ያለውን ያዢ። ያኔ ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ስም ነው የምትሰጫቸው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም። ሰምና ወርቅ ለዚህ ክፍል አይደለም፤ ጊዜው ይደርሳል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ፊት አትጥሪያት፤ ጉዳዩ የእናቷ ነው። ሌሎቹ ሲጽፉ ወደ ወንበሯ ሂጂና ጎንበስ በዪ። ደብተሯን አስወጪያትና «ይሄን ሳልጠይቅሽ ነው ኤክስ ያደረግኩት። ቀይ የምትሆነው በምኗ ነው?» በያት። የምትልሽን እስከ መጨረሻው ስሚ። ከዚያ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ፣ እያየችሽ፣ ከኤክሱ አጠገብ ራይት አድርጊ። ኤክሱን አትደልዢው፤ መምህርም እንደሚታረም ትየው። ከዚያ «ሰሌዳ ላይ ልጽፈው?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂያት። እምቢ ካለች ተዪው። እሺ ካለች ግን ሙሉውን ጻፊው፤ ቀይ የሚለውንም ጭምር።